«ባዝራዬ አንቲባዮቲክ ከጀመረች ወዲህ ፋንድያዋ ላላ፤ መድኃኒቱን ላቁም?» ለሚለው ጥያቄ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ባዝራሽ እግሯ ላይ ጥልቅ ቁስል አለባት። ሐኪሙ በአፍ የሚሰጥ ትራይሜቶፕሪም ሰልፋ የሚባል አንቲባዮቲክ አዘዘላት። በሦስተኛው ቀን ፋንድያዋ ላላ። መድኃኒቱን ላቁም፣ ወይስ ለላሞች በተገዛው አንቲባዮቲክ ልቀይረው፣ ፕሮባዮቲክስ (ለአንጀት ይጠቅማሉ ተብለው የሚሰጡ ሕያው ባክቴሪያና እርሾ) ይረዳል ወይ ነው ያልሽው።

ለዓመታት የታመሙ ፈረሶችን ሳስታምም ያየሁትንና በየጊዜው ከሐኪሞች የተማርኩትን ልንገርሽ። ከሁሉ በፊት ግን የላሞቹን መድኃኒት በፍጹም እንዳትሰጪያት። ለሐኪሙም ዛሬውኑ ደውዪለት።

ፈረስ አያመሰኳም። ላም ሣሩን የምታብላላው ከፊት፣ በጨጓራዋ ውስጥ ነው። ፈረስ ግን የሚያብላላው ከኋላ ነው፤ ሴከም በሚባለው አንድ ሜትር ገደማ በሚረዝም ከረጢትና በትልቁ አንጀት ውስጥ። ሁለቱ ተደምረው 100 ሊትር ገደማ ይይዛሉ። እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ፈረሱ ራሱ መፍጨት የማይችለውን የድርቆሽ ቃጫ (ፋይበር) ሰባብረው አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት ወደሚባሉ አሲዶች ይቀይሩታል። በሣርና በድርቆሽ የሚኖር ፈረስ ከጉልበቱ ከግማሽ የሚበልጠውን የሚያገኘው ከእነዚህ ነው።

እነዚሁ ባክቴሪያዎች ሌላም ሥራ አላቸው። ቦታውን ይዘው ሳልሞኔላን፣ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲልንና ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስን የመሳሰሉ ጎጂ ባክቴሪያዎች እንዳይራቡ ያደርጋሉ። አንዳንድ ጤነኛ ፈረስ ሆድ ውስጥ እነዚህ ጎጂዎች በትንሹ ይኖራሉ፤ ምንም አያደርጉም። አንቲባዮቲክ ነባሮቹን ሲያሳሳቸው ግን ባዶ ማሳ ላይ እንደሚወጣ አረም ይፈላሉ። መርዛቸው የአንጀቱን ግድግዳ ያቆስላል። ውኃው ወደ አንጀት ይፈስሳል፤ ከባክቴሪያ የሚወጣው መርዝም ወደ ደም ይገባል። ይህ ነው ኮላይትስ የሚባለው፤ ትልቅ ፈረስን በአንድና በሁለት ቀን ሊገድል ይችላል።

እንግዲህ ዋናው ጉዳይ ከመድኃኒቱ ምን ያህሉ እዚያ ድረስ ይደርሳል የሚለው ነው። በአፍ ከተሰጠ፣ ወደ ደም ያልገባው ቀሪ በቀጥታ ወደ ሴከም ይወርዳል። ትራይሜቶፕሪም ሰልፋ ከመኖ ጋር ሲሰጥ የተወሰነው ከመኖው ጋር ተጣብቆ ይሄድና ኋላ ላይ ነው የሚለቀቀው። ስለዚህ ከመኖ ጋር ወይስ ለብቻው መስጠት እንዳለብሽ ሐኪሙን ጠይቂው። «በመርፌ ከሆነ አንጀትን አይነካም» የሚባለውም ልክ አይደለም። ሴፍቲዮፈርና ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባሉት አንቲባዮቲኮች በመርፌም ተሰጥተው ተቅማጥ ሊያመጡ ይችላሉ። አንዳንድ መድኃኒት በጉበት በኩል ከሐሞት ጋር ተመልሶ ወደ አንጀት ይገባልና።

መጠኑ ትንሽ ስለሆነ አይጎዳም የሚሉም አሉ። በዚህ በኩል ያየሁትን አልረሳውም። ራሴ አብሬ ባስታመምኩበት ጋጣ አንድ ውርንጭላ ሮዶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ በሚያመጣው የሳንባ ምች ታሞ ኤሪትሮማይሲንና ሪፋምፒን የሚባሉ አንቲባዮቲኮች ተጀመሩለት። ውርንጭላው እየተሻለው ሄደ። አንድም መድኃኒት ያልተሰጣት እናቱ ግን በኃይለኛ ተቅማጥ ወደቀች፤ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ሐኪሟ እንዳስረዳችን፣ እናትየው የልጇን ፋንድያ ስትልስና ስትቀምስ በውስጡ የቀረው ትንሽ መድኃኒት በቅቷታል። ይህ የእኛ ጋጣ ብቻ ገጠመኝ አይደለም። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ይህንኑ አሳትመዋል፤ ከታመሙት እናቶች ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል አግኝተዋል። ውርንጭላን የሚያድን መድኃኒት ትልቅ ፈረስን ሊገድል ይችላል ማለት ነው።

ለላሞች በተገዛው ላይ እንዲህ አጥብቄ የተናገርኩትም ለዚህ ነው። ሊንኮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ለአሳማና ለዶሮ የተለመደ መድኃኒት ነው፤ ለፈረስ ግን ገዳይ ነው፣ በስህተት መኖ ውስጥ ገብቶ ፈረሶችን ጨርሷል። ቲልሚኮሲን የሚባለው የከብት አንቲባዮቲክ ለፈረስም፣ መርፌው ድንገት ለወጋው ሰውም ሕይወት የሚያጠፋ ነው። ሞነንሲን ለከብትና ለዶሮ መኖ ይጨመራል፤ ፈረስ ከበላው የልቡን ጡንቻ ያበላሸዋል። የላሞቹ መኖም ቢሆን ከባዝራሽ ይራቅ።

ወደ ማቆሙ ስንመጣ። ፋንድያ ትንሽ መላላት ብቻውን አደጋ አይደለም፤ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ንቁ ናት ካልሽ ሐኪሙ ቀጥዪ ሊልሽ ይችላል። ጥልቅ ቁስል በተለይ መገጣጠሚያ አጠገብ ከሆነ መድኃኒቱን በራስሽ ማቋረጥም የራሱ አደጋ አለው። ነገር ግን ፋንድያዋ ውኃ ከሆነ፣ መኖ ከተወች፣ ከደበተች፣ ወይም ሙቀቷ ከ38.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ፣ ሐኪሙን ሳታናግሪ ቀጣዩን መጠን አትስጪ። የጤነኛ ትልቅ ፈረስ ሙቀት ከ37.2 እስከ 38.3 ነው። ሰኮናዋንም ዳስሺ። ከኮላይትስ ጋር ላሚናይትስ የሚባል የሰኮና ውስጥ ብግነት ሊመጣ ይችላል፤ ሰኮናው ይግላል፣ ከሰኮናው በላይ ያለው የደም ሥር በኃይል ይመታል፣ መራመድ ትጠላለች። ሐኪሞች ኮላይትስ እንደጠረጠሩ እግሮቹን በበረዶ የሚያቀዘቅዙት ይህን ለመከላከል ነው።

ለቁስሉ ሕመም ፌኒልቡታዞን እየወሰደች ከሆነም ለሐኪሙ ሳትነግሪው እንዳትቀሪ። ውኃ ያነሳት ፈረስ ላይ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ራሱም ትልቁን አንጀት ሊያቆስል ይችላል። ብዙ ሰው ይህን የሕመም ማስታገሻ ነው ብሎ ሳይጠቅሰው ያልፋል።

መኖዋን አትቁረጪባት። ለእነዚያ ባክቴሪያዎች የሚያስፈልጋቸው ቃጫ ነው፤ ጥሩ ድርቆሽ ቀኑን ሙሉ ፊቷ ይኑር። እህል ቀንሺ። የድርቆሹን ዓይነት አሁን አትቀይሪ። ንጹሕ ውኃና የጨው ድንጋይ ይኑራት።

ስለ ፕሮባዮቲክስ እውነቱን ልንገርሽ፤ ብዙ ተስፋ አልጥልበትም። በግልገል ፈረሶች ላይ በተሞከረ አንድ ጊዜ ላክቶባሲለስ የሚባል ባክቴሪያ ዓይነት ጭራሽ ተቅማጡን አብሶታል። ሳካሮማይሲስ ቡላርዲ የሚባለው እርሾ በታመሙ ትልልቅ ፈረሶች ላይ የተሻለ ውጤት አሳይቷል፤ እሱንም ቢሆን በሐኪም ምክር ነው። ሐኪሞች ከጤነኛ ፈረስ የተወሰደ ፋንድያ አጣርተው በቱቦ የሚሰጡበት ጊዜም አለ። እኔ ገንዘቤን የማወጣው መጀመሪያ በጥሩ ድርቆሽ ላይ ነው።

መድኃኒቱ ሲያልቅ ወዲያው ሁሉም ይመለሳል ብለሽ አትጠብቂ። የአንጀቱ ባክቴሪያ ወደ ቀድሞው ለመጠጋት ሳምንታት ይፈልጋል። በእነዚያ ሳምንታት ድንገተኛ የመኖ ለውጥና ረጅም ጉዞ እንዳይኖር አደርጋለሁ፤ አንቺም እንዲሁ አድርጊ።

እስኪለይ ድረስ ከሌሎቹ ለይተሽ አቁሚያት፤ ባልዲዋና አካፋዋም ለብቻ ይሁን። እጅሽን በሳሙናና በውኃ ታጠቢ። የክሎስትሪዲየም ዲፊሲል ስፖር (ጠንካራ ሽፋን ያለው ዘሩ) በአልኮል አይሞትም፤ ሳልሞኔላ ደግሞ ወደ ሰውም ይተላለፋል፣ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ይበልጥ ተጠንቀቂ።

ሐኪሙ ጋ ስትደውዪ ሙቀቷን፣ የልብ ምቷን፣ የመድኃኒቱ መጠን የተሰላበትን ክብደቷንና እስካሁን የወሰደችውን መድኃኒት ሁሉ በእጅሽ ያዢ። ያለሽንም እዚሁ ጻፊልን።