መሬት ሲንቀጠቀጥ ማን ማንን ይጠራል? የእድራችን ጥያቄና መልስ

ባለፈው የእድር ስብሰባ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ በጎ ፈቃደኞች ማውራት ጀምረን ሳንጨርስ መሸ። «የቀረውን ጻፉልኝ» ብዬ ነበር፤ ጻፋችሁ። እኔ የጂኦሎጂ ሰው አይደለሁም። ለዓመታት የግንባታ ፎርማን ነበርኩ፣ በቀይ መስቀል የመጀመሪያ ዕርዳታ ሰልጥኛለሁ፣ አሁን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የምኖር ጡረተኛ ነኝ። የማውቀውን ያህል እነሆ።

ጋሼ፣ እኛ እኮ ከአዋሽ ሩቅ ነን። ይሄ ሁሉ ሽር ጉድ ለምን?

ሩቅ መሆናችን እውነት ነው። በ2017 በአዋሽ ዙሪያ ካሉት ከፈንታሌና ከዶፈን ተራሮች አካባቢ የተነሳው ንዝረት እኛ ጋ ሲደርስ ብርጭቆ አንኳኩቶ፣ እንቅልፍ ነስቶ አለፈ። እዚያው ግን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ትቶ ወጥቷል። የካቲት 7 ማታ የተመዘገበው መጠኑ 6.0 ነበር። እኛም ብንሆን የተቀመጥነው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። በ1953 ካራ ቆሬ ላይ የተነሳው መንቀጥቀጥ በአቅራቢያው ያለችውን ማጀቴን አፈራርሷታል። (ካራ ቆሬ ስል ከዓለም ባንክ ወዲያ ያለውን ሰፈር አይደለም፤ በደብረ ሲና አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ሲኬድ ያለውን ከተማ ነው።)

እኔ አራተኛ ፎቅ አልጋዬ ሲወዛወዝ ምድር ላይ ያሉት «ምንም አልሰማንም» አሉኝ። ቃዠሁ እንዴ?

አልቃዠሽም። ከሩቅ የሚመጣ ንዝረት ፈጣን ፈጣኑ መንገድ ላይ ይደክምና ቀርፋፋው ይደርሳል። ቀርፋፋው ደግሞ ፎቅን ነው የሚያወዛውዘው፤ ከፍ ባልሽ ቁጥር ይብሳል።

አዲስ ማኅበር እናቋቁም? ማኅተም፣ ሊቀ መንበር ምናምን?

እባካችሁ ተዉት። ማኅተም ስናስቀርጽ ዓመት ያልቃል። እድር አለን አይደል? እድሩ ማን የት ቤት እንደሚኖር፣ ስንት ቤተሰብ እንዳለው በመዝገብ ያውቃል። ድንኳን አለው። ትልልቅ ድስት፣ ወንበር፣ በርሜል አለው። ከሁሉ በላይ ጥሩምባ አለው! ኔትወርክ ሲጨናነቅ ቴሌግራም አይሰራም፤ ጥሩምባ ግን ቻርጅ አይፈልግም። የቀረን ሥራ መከፋፈል ብቻ ነው። በየብሎኩ ሁለት ሰው፣ ከወዲያ ማዶ ባሉት ነባር ቤቶች ደግሞ በየሃያው ቤት ሁለት ሰው። ሁለት ያልኩት አንዱ ሥራ ወይም ክፍለ ሀገር ሊሆን ስለሚችል ነው። አንዳቸው ቀን ቀን ሰፈር የሚውሉ ይሁኑ። ወጣት ብቻ አትምረጡ። ባለ ሱቋ ከሁላችንም በላይ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ታውቃለች።

ዕቃ ግዙ እየተባለ ገንዘብ መሰብሰብም አይታየኝም፣ መጀመሪያ ያለውን እንቁጠር። ዲጅኖ፣ አካፋ፣ ገመድ፣ መጋዝ ማን ጋ አለ? የሚኒባስ ሹፌሮቻችን ክሪክ አላቸው፤ ፍርስራሽ ለማንሳት ከክሪክ የተሻለ ነገር በሰፈር አይገኝም። የሚገዛው ጓንት፣ ፊሽካና የእጅ ባትሪ ነው።

በመጀመሪያዋ ሰዓት ቡድኑ ምን ይሰራል?

በሩን ይከፍታል። አትሳቁ። የገና ሰሞን ንዝረቱ በተሰማበት ሌሊት በነጠላና በፒጃማ ግር ብለን ወርደን የግቢው በር ተቆልፎ አገኘነው። ቁልፉ ጥበቃው ኪስ ውስጥ፣ ጥበቃው ደግሞ ከኋላ በኩል በጓሮ በር ወጥቶ ሜዳ ላይ ቆሟል! አንዲት እናት ሕፃን አዝለው የብረቱን በር በጫማ ሲደበድቡ አሁንም ይታየኛል። ስለዚህ ትርፍ ቁልፍ በየብሎኩ ይኑር። ደረጃው ላይ የተደረደረው ጄሪካንና አሮጌ ሶፋም ይነሳ፤ የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያ ቆጠራ ነው። በጃፓን አንዳንድ ሰፈሮች ደህና የሆነ ቤተሰብ በሩ ላይ ቢጫ ጨርቅ ያንጠለጥላል። እኛም ነጭ ጨርቅ እንሰር። ጨርቅ ያለበት በር ይታለፋል፤ የሌለበት ይንኳኳል። ይቺ ብቻ ስንት ደቂቃ ታተርፋለች! ሲሊንደር ይዘጋል፣ ከሰል ይጠፋል፣ ብሬከር ይወርዳል። ጋዝ ጋዝ ከሸተተ ክብሪትም ማብሪያ ማጥፊያም አይነካም። እሳት ካለ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907።

ሰው ፍርስራሽ ስር ከቀረ ባለሙያ እንጠብቅ ወይስ እንግባ?

ይሄ ከባዱ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ኮቤ ውስጥ ከፍርስራሽ የወጣውን አብዛኛውን ሰው ያወጡት ቤተሰብና ጎረቤት ናቸው። በ1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ስልጠና የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች 800 ያህል ሰው አወጡ፤ ከራሳቸው ግን 100 ያህሉ ሞቱ። የሎስ አንጀለስ እሳት አደጋ መከላከያ ነዋሪዎችን ማሰልጠን የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። እኔ የምለው፦ ቆርቆሮ፣ እንጨት፣ የወደቀ ቁም ሳጥን ከሆነ አንሱ። ቤቶን ከሆነ ወይም ህንፃው ካዘመመ አትግቡ። ከውጭ ተጣሩ፣ ዝም ብላችሁ አዳምጡ፣ ድምፅ የሰማችሁበትን ምልክት አድርጉ። ተከታይ ንዝረት መቼም አይቀርምና። ጀግና መሆን የሚያምረን ልጆች እንዳሉን አውቃለሁ፣ ለዚያ ነው ያጠነከርኩት።

ሲንቀጠቀጥ እንሩጥ ወይስ ጠረጴዛ ስር እንግባ?

ፎቅ ላይ ከሆናችሁ አትሩጡ። ሰው የሚጎዳው ደረጃ ላይ ነው። ጠረጴዛ ስር ግቡና እግሩን ያዙ፤ ጠረጴዛ ከሌለ ከመስኮትና ከቡፌ ርቃችሁ ጭንቅላታችሁን በክንዳችሁ ሸፍኑ። የጭቃ ቤት ውስጥ በር አጠገብ የሆነ ግን ሁለት እርምጃ ነውና ይውጣ። ሲወጣ የድንጋይ አጥር ስር እንዳይቆም፤ ሮቶ ከተሰቀለበት ብረትም ይራቅ።

ቴሌግራም ላይ «ዛሬ ሌሊት 9 ሰዓት ትልቁ ይመጣል» የሚል ደረሰኝ። ላስተላልፈው?

አጥፊው። ሰዓት ቆርጦ መተንበይ የሚችል ሰው በዓለም ላይ የለም።

ግድግዳችን ተሰንጥቋል። ልንወጣ ነው?

የት እንደተሰነጠቀ ይወስነዋል። ልስኑ ላይ ያለ ፀጉር የመሰለ መስመር እርጥበትም ያመጣዋል። ብሎኬቱና ምሰሶው የሚገናኙበት ላይ ያለው ስንጥቅም ብዙ አያስደነግጠኝም። ምሰሶው ወይም ቢሙ ራሱ ከተሰነጠቀ፣ በተለይ አግድም ተቆርጦ ፌሮው ከታየ፣ ያኔ ውጡና መሐንዲስ ጥሩ። ስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ ቀንና መስመር አስምሩበት። በወሩ መስመሩን ካለፈ እያደገ ነው።

እናቴ አልጋ ላይ ናት፣ ሦስተኛ ፎቅ። ብቻዬን አላወርዳትም።

ብቻሽን እንድታወርጃት አንፈልግም። ስሟ በእድሩ መዝገብ ላይ በቀይ ይጻፋል፣ አራት ሰው በስም ይመደብላታል። መድኃኒቷና መነጽሯ አንድ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ራስጌዋ ይንጠልጠል። አልጋዋን ከመስኮቱ አርቂው፤ በላይዋ ያለው የፎቶ ፍሬም ይውረድ። በብርድ ልብስ ማውረድ ልምድ ይጠይቃል፣ መታጠፊያው ላይ ነው ሰው የሚያንሸራትተው። ልምምዱ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት በናንተው ደረጃ ነው። ጠንካራ ብርድ ልብስ ይዛችሁ ኑ። የምትሸከሙት እኔን ነው፤ 84 ኪሎ ነኝ።