ልጁ ዕድሜውን ከፍ አድርጎ ሲነግራችሁ

በቅርቡ በፍርድ ቤት የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ሆና የተቀጠረች ወጣት «ልጆቹ ይዋሹኛል፤ ምን ላድርግ?» ስትል ጠየቀችኝ። ለጊዜው አጭር መልስ ሰጥቼ ሸኘኋት። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ስለዚህ መልሱን ለእሷም፣ ከሕግ ጋር ከተጋጩ ልጆች ጋር ለመሥራት ለምትነሡ ሁሉም እጽፋለሁ። ስለ ምስጢር ጥበቃ፣ ስለ መዝገብ አያያዝ፣ ቀጠሮ ስለ ማክበር አላነሣም፤ ይህን ተምራችሁ መጥታችኋል።

ነገሩ የሆነው በ2005 ዓ.ም. ነው። ሞባይል ሰርቋል ተብሎ የተያዘ ልጅ ነበር። ቁመቱ መዘዝ ያለ፣ ትከሻው ገና ያልሰፋ፣ ድምፁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቴ የሚሰበር። የፖሊስ ወረቀቱ 18 ዓመት ይላል፤ ያደረውም ከአዋቂዎች ጋር ነው። ዕድሜውን ስጠይቀው ጥያቄዬን እንኳ ሳያስጨርሰኝ «አሥራ ስምንት» አለኝ። በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተወለደ ስጠይቀው ግን እጁን ጠረጴዛው ሥር ሰድዶ ጎንበስ አለና «በ1986» ሲል መለሰ። ሲነሣ መዳፉን አየሁት። ዓመተ ምሕረቱ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎለታል፤ መጨረሻዋን ስድስት ላቡ አደብዝዟታል።

የጻፉለት አብረውት የታሰሩት ትልልቆቹ ናቸው። «ልጅ ነኝ ካልክ ጠባይ ማረሚያ ይከቱሃል፤ እዚያ ደግሞ ትንሹ አንድ ዓመት ነው። ትልቅ ነኝ ካልክ በጥቂት ወር ትወጣለህ» ብለው መክረውታል። ምክሩ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ በመደበኛው ቅጣት እንዳይቀጣ፣ ከአዋቂ ጥፋተኞች ጋርም እንዳይታሰር ይደነግጋል። ሆኖም ወደ ጠባይ ማረሚያ እንዲገባ ከተወሰነበት ቆይታው ከአንድ ዓመት አያንስም፤ ከአምስት ዓመትም ሆነ ከ18ኛ ዓመቱ አያልፍም። እስር ቤት ውስጥ በአፍ የሚዞረው ይህ «አንድ ዓመት» የሚለው ብቻ ነው። ያው ሕግ ዳኛው ልጁን ገሥጾ ሊያሰናብተው፣ ኃላፊነት በሚሰማው ሰው ክትትል ሥር እንዲማር ሊያዝለት፣ ወይም በትምህርት ቤት አለዚያም በቤቱ ተወስኖ እንዲቆይ ሊያደርገው እንደሚችል የነገረው ሰው አልነበረም። እነዚህ እርምጃዎች እንደ ወንጀል ቅጣት እንደማይቆጠሩ ደግሞ ጨርሶ አልሰማም።

ሐኪም ዘንድ ተልኮ የእጅ አንጓው በራጅ ታየ። አጥንት የልደት ቀን አይናገርም፤ ሁለት ዓመት ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስት ይችላል። ሐኪሙም በሐቀኝነት ከዚህ እስከዚህ ብለው ግምት ጻፉ። የልደት ምስክር ወረቀት የሚባል ነገር በብዙዎቹ ልጆች ቤት አልነበረም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ቢሆንም፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

በብዙ ፍለጋ እናቱ ከገጠር መጣች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን አልተጠራጠረችም። «ባድመ ላይ ጦርነት በተነሣ ወር ነው የወለድኩት። አባቱ ሲዘምት አራስ ነበርኩ» አለች። ጦርነቱ የተነሣው ግንቦት 1990 ነው። እንግዲህ ልጁ ገና 14 ዓመቱ ነው ማለት ነው! ደስ አለኝ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ችሎት ላይ ይህንኑ እንድትናገር ተጠራች። ተናገረችም። ልጁ ግን ፊቱን ወደ ዳኛው እንዳዞረ «እሷ የምትለው ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው» አለ። ታናሽ ወንድም አልነበረውም። ዳኛው «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ሲጠይቃት እናቲቱ ልጇን አየችው፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ዝም አለች። ከመግባታቸው በፊት ኮሪደር ላይ «አንድ ዓመት አታስፈርጂብኝ» ብሎ እንደለመናት የነገረችኝ በኋላ ነው። መዳፉ ላይ ያየሁትን በሪፖርቴ ጽፌው ነበር፤ እጁ ግን ታጥቧል። የፖሊሱ ወረቀት፣ የሐኪሙ ግምትና የገዛ ቃሉ አንድ ላይ ቆሙበት። እንደ አዋቂ ተፈረደበትና እስረኞቹ እንዳሉት በጥቂት ወራት ወጣ። በሌላ ጊዜ በሌላ ጉዳይ ሲመለስ ግን ቀድሞ የተቀጣ ሰው ነበር፤ ዳኛውም ያን ከቁም ነገር ቆጠረበት።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ መዋሸቱ አይደለም። በሚያውቀው ልክ ሲታሰብ ሒሳቡ ትክክል ነበር። የሚያንገበግበኝ አንድ ልጅ ልጅነቱን የሚያስክድ ምክንያት ከሕጉ ውስጥ ማግኘቱ ነው። ያ የአንድ ዓመት ወለል መነሣት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ከማለት አልቦዝንም።

ሁሉም ችሎት እንዲያ አልነበረም። አንድ አረጋዊ ዳኛ ትዝ ይሉኛል፤ የልጅ ጉዳይ ሲመጣ ካባቸውን አውልቀው ከመንበራቸው ይወርዱና ከልጁ ጎን ወንበር ስበው ይቀመጡ ነበር። ጸባያቸው ገር ስለሆነ ብቻ አልነበረም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የልጆች ጉዳይ በዝግና ከመደበኛው ሥርዓት በላላ አኳኋን እንዲታይ ያዛልና የተጻፈውን መፈጸማቸው ነበር። መጀመሪያ ምንም አይጠይቁም፤ «ዛሬ እዚህ ምን ምን ሊሆን እንደሚችል ልንገርህ» ብለው ይጀምራሉ።

ልጄ፣ ለጥያቄሽ መልሴ የተወሰደው ከእሳቸው ነው። ልጁን ከመጠየቅሽ በፊት ንገሪው። ሊወሰኑ የሚችሉትን እርምጃዎች ሁሉ፣ ቀላሉንም ከባዱንም፣ በሚገባው ቋንቋ አስረጂው። ከዚያ «እስር ቤት ውስጥ ምን ብለው መከሩህ?» በዪው። እናንተ የዛሬዎቹ ከእኛ ትሻላላችሁ፤ እኛ «ዱርዬ» እያልን ያሳለፍነውን ልጅ በስሙ ትጠሩታላችሁ። ነገር ግን ኮምፒውተር ላይ ቅጽ እየሞላችሁ ስታነጋግሩት አያለሁ፤ ዓይናችሁ ስክሪኑ ላይ ከሆነ መዳፉን ማን ያየዋል?

ትፈታለህ ብላችሁ ቃል አትግቡለት። ይህን የምለው እኔ ብዙ ቃል የገባሁ ሰው ነኝ፤ አንዳንዱን ልጅ ቀና ያደረገውም «አልተውህም» የሚለው ቃል ብቻ ነበር። በዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ነገር ልነግራችሁ አልችልም።

እናቱን ወይም አሳዳጊውን ግን ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ፈልጉ፤ ያለ ልጁም አነጋግሯቸው። ሪፖርታችሁ ላይ «ወደ ቤተሰቡ ይመለስ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የሚቀበለው ሰው ማን እንደሆነ፣ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚመዘግበው፣ በየሳምንቱ ማን እየሄደ እንደሚያየው ይጻፍ፤ ሰዎቹም በቀጠሮው ቀን ችሎቱ በር ላይ ይገኙ።