አማቴ በዓላቸውን ባህር ላይ እንዴት ይዋሉ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ አምድህን ሁሌ ነው የማነበው። የዳንግላ ልጅ ነኝ፣ አሁን ባህር ዳር ነው የምኖረው። ባለቤቴ ቤተ እስራኤል ነው፣ እናቱና እህቱ እስራኤል፣ ነታንያ ናቸው። እህቱ ለመጪው መስከረም በክሩዝ መርከብ ሽርሽር ጋብዛን ትኬቱም ተከፍሏል፣ ጳጉሜን 5 ቀን 2018 ሐሙስ ከሃይፋ ተነስተን ቆጵሮስንና የግሪክ ደሴቶችን ዞረን መስከረም 12 እንመለሳለን። ችግሩ እዚህ መሀል የአይሁድ አዲስ ዓመትና አስተስርዮ የሚሉት የማስተሰረያ ጾም ሁለቱም አሉ። እህቱና ልጆቿ ብዙም አያጠብቁም፣ ደሞ ሥራ የሚዘጋላቸው በበዓል ስለሆነ ነው እንጂ በክፋት አይደለም ቀኑን የመረጡት። አማቴ ግን ሰንበትን ልክ አገር ቤት እንደነበሩት ነው የሚይዙት፣ እሳት አይነኩም፣ ስልክ አያነሱም። ልጃቸውን ላለማስቀየም እሺ አሉ እንጂ እንደከፋቸው በድምፃቸው ያስታውቃል። ካቢን ከሳቸው ጋር የምጋራው እኔ ነኝ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ታዲያ በር ልክፈትላቸው? ሊፍት ልጫንላቸው? ምን ይበላሉ? የኔስ እንቁጣጣሽ?

ግራ የገባት፣ ከባህር ዳር

መልስ፦

እታለም፣ መጀመሪያ ቀኑን ልቁጠርልሽ፣ ግማሹ ጭንቀት እዚያ ላይ ነው ያለው። መስከረም 1 ቀን 2019 ዓርብ ይውላል። የነሱ 5787 ዓመት የሚገባው በዚያው ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፣ ያንቺ እንቁጣጣሽ ሳይመሽ ብርሃን ሠረቀ የሚሉት የሳቸው አዲስ ዓመት ይተካል ማለት ነው። እስራኤል ውስጥ አዲስ ዓመት ቅዳሜና እሁድ ሁለቱንም ቀን ይከበራል፣ ቅዳሜው ራሱ ደሞ ሰንበት ነው፣ ስለዚህ ከዓርብ ማታ እስከ እሁድ ጨለማ ድረስ የተያያዘ ነው። ሾፋር የሚሉት የቀንድ መለከትም ቅዳሜ ላይ አይነፋም፣ እሁድ ነው የሚነፋው። መስከረም 9 እንደገና ሰንበት አለ፣ በማግስቱ እሁድ ማታ አስተስርዮ ይገባና ሰኞ ማታ ይወጣል። የዳስ በዓላቸው መስከረም 15 ማታ ነው የሚገባው፣ የመጀመሪያው ቀን ከኛ ደመራ ጋር ይገጥማል፣ ያን ጊዜ ግን መሬት ላይ ናችሁ።

አሁን ደፍሬ ልንገርሽና፣ እኔ ብሆን ይሄን ጉዞ ለሳቸው አልመርጥም ነበር። ቀኑን ማዛወር ከተቻለ ጥቅምት ነው ጥሩው፣ ዳስ መስከረም 23 ላይ ያልቃል፣ ስግድ የሚባለው የቤተ እስራኤል በዓል ጥቅምት 30 ነው፣ መሀሉ ላይ ከሰንበት በቀር የሚያስጨንቅ ትልቅ በዓል የለም፣ እሁድ ተነስቶ ሐሙስ የሚመለስ መርከብ ከተገኘማ ሰንበቱም ቤታቸው ነው። ባለቤትሽ ለእህቱ ይሄን ቢነግራት አይከፋም፣ አማትሽ ራሳቸው አይነግሯትማ፣ እናት ናቸው። ካልሆነ ደግሞ ሊደረግ የሚችል ብዙ ነገር አለ፣ ግን ሁሉም ከመሳፈር በፊት የሚያልቅ ነው፣ ሰንበት ከገባ በኋላ መደራደር የለም።

ሐሙስ መሳፈሩን መጀመሪያ ቄሳቸውን ወይም ራቢያቸውን ይጠይቁ። ራቢ ዮሴፍ ካሮ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሰናዳው የሕግ መጽሐፍ ላይ ለሽርሽር የሚሄድ ሰው ሰንበት ሊገባ ከሦስት ቀን ያነሰ ሲቀረው መርከብ አይሳፈር ይላል። አንዱ ምክንያት በጣም የሚገባ ነው፣ ባህር የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሆድ ስለሚያናውጥ ሰንበቱ ደስታ ሳይሆን ማቅለሽለሽ ይሆናል። የዛሬው መርከብ ትልቅ ነው ብዙም አይናወጥ ይሆናል፣ ውሳኔው ግን የኔም ያንቺም አይደለም፣ አማትሽ የሚያምኑት ሰው ይበልላቸው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ልጆች ለናታቸው ብለው ይወስኑና እናትየዋ ዝም ብላ ትሸከማለች፣ ይሄ ነገር ያሳዝነኛል።

ምግቡን በተመለከተ፣ እኛ አገር የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ እንደሚለየው አድርገሽ አስቢው፣ ሳየው ምኑም አልተቀላቀለም ብሎ ማስረዳት አይሠራም፣ ማን አረደው በምን ዕቃ ተሠራ ነው ጥያቄው። አብዛኞቹ ትልልቅ መርከቦች ቀድመሽ ካሳወቅሽ ሁለት ጊዜ የታሸገ ኮሸር፣ ማለትም በሕጋቸው የተፈቀደ ምግብ በበረዶ ያስመጣሉ፣ እሽጉ ሳይፈታ ይሞቃል፣ እሳቸው ፊት ይከፈታል። ይሄ ግን ከሳምንታት በፊት በኢሜይል ታዝዞ ማረጋገጫ በጽሑፍ መያዝ አለበት፣ መርከቡ ላይ ደርሶ ልጠይቅ ማለት አይቻልም። ቡፌው ላይ ያልተላጠና ያልተቆረጠ ፍራፍሬ ይበላል። ድርቆሽ ልውሰድላቸው እንደምትይ አውቃለሁ፣ የጎጃም ሰው ነሽና፣ ግን ብዙ መርከቦች ቤት የተሠራ ምግብ አያስገቡም፣ ፋብሪካ የታሸገ ብቻ ነው የሚያሳልፉት። እስራኤል ውስጥ ታሽጎ የሚሸጥ እንጀራ አለ፣ የኮሸር ማኅተሙን አይታችሁ እዚያው ግዙ።

ወደ ካቢኑ ስንመጣ ሰው የሚያስበው ሰንበት ሲገባ የሚለኮሰውን ሻማ ነው፣ መርከብ ላይ ካቢን ውስጥ እሳት ፈጽሞ ክልክል ስለሆነ የእስራኤል ሰዎች በዚህ ይቸገራሉ፣ አንዳንዱ መርከብ አንድ ክፍል ለይቶ እዚያ ያስለኩሳል፣ ሌላው በባትሪ የሚሠራ ይሰጣል። አማትሽ ግን አገር ቤት የነበረውን ሥርዓት ከያዙ ጭራሽ አይመለከታቸውም፣ የድሮዎቹ ቤተ እስራኤል ሰንበት ሳይገባ እሳቱን አጥፍተው በጨለማ ያድሩና በማግስቱ ቀዝቃዛ ነው የሚበሉት። ስለዚህ የእህትየው ልጆች "ሻማ አጣን" ብለው ሲጨነቁ እሳቸው መብራት ሁሉ ይጥፋ ሊሉ ይችላሉ፣ አስቀድመሽ ጠይቂያቸው። የመታጠቢያ ቤቱን መብራት ዓርብ ከመምሸቱ በፊት አብርተሽ በሩን ገርበብ ማድረግ ይበቃል፣ እሳቸው ከፈቀዱ ነው ታዲያ።

ትልቁ ጣጣ በሩ ነው። የመርከብ በር በካርድ ነው የሚከፈተው፣ ይሄ ደሞ ኤሌክትሪክ ነው፣ አንዳንዱ ካቢን መብራቱም ካርዱ ሲሰካ ነው የሚበራው። በር ልክፈትላቸው ወይ ላልሽው፣ በሕጋቸው አይሁድ ያልሆነን ሰው በሰንበት "ይሄን አድርግልኝ" ብሎ ማዘዝ አይፈቀድም፣ ግን አንቺ ለራስሽ ብለሽ ከከፈትሽው አብረውሽ ቢገቡ ችግር የለውም። ስለዚህ እንዲጠይቁሽ አታድርጊ፣ አንቺ መግባት ሲያሻሽ ክፈቺ፣ ቁጭ ካሉበት ስትነሺ "እኔ ልገባ ነው" በይ፣ እሳቸው ይገባቸዋል። ሊፍቱ ላይ ራቢዎቹም ስለማይስማሙ እሱን ትቶ ደረጃ አጠገብ ያለ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ካቢን ይቀየርላችሁ፣ የመመገቢያ አዳራሹ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነም ጠይቂ፣ ለሳቸው ዕድሜ ሁለት ደረጃና ሰባት ደረጃ ልዩነት አለው።

መርከቡ ላይ ወዲያ ወዲህ ማለትስ ይቻላል ወይ የሚለው ጥንታዊ ጥያቄ ነው፣ በጣም የምወደው ታሪክም አለው። ሚሽና በሚባለው የጥንት ራቢዎች የሕግ መጽሐፍ ላይ እንደተጻፈው ራባን ገማልኤል፣ ራቢ አልዓዛር የዓዛርያ ልጅ፣ ራቢ ኢያሱና ራቢ ዓቂባ ከጣልያኗ ወደብ ከብሪንዲዚ ሲመጡ መርከባቸው ሰንበት ላይ ወደ ባህሩ ገባች። ሁለቱ መርከቧን በሙሉ ተመላለሱባት፣ ኢያሱና ዓቂባ ግን በራሳቸው ላይ ማጥበቅ ስለፈለጉ ከአራት ክንድ ሳይወጡ ዋሉ። ሕጉ የጸናው እንደ ገማልኤል ነው፣ መርከብ ዙሪያው ግድግዳ ያለው እንደ አንድ ቤት ይቆጠራል። ወደብ ላይ መውረድ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሰንበት ከገባ በኋላ ከሁለት ሺህ ክንድ በላይ ርቆ መሄድ ስለማይቻል እነዚያው ሰዎች አንድ ዓርብ ማታ ወደብ ሲደርሱ "እንውረድ ወይ?" ብለው ገማልኤልን ጠየቁት፣ እሱም ሳይመሽ በፊት ክልሉ ውስጥ መግባታችንን ሳይ ነበር ውረዱ አላቸው። እያየ ርቀት የሚለካበት ቱቦ እንደነበረው ሚሽናን የሚያብራራው ታልሙድ ይነግረናል። አማትሽ ቱቦም አያስፈልጋቸውም፣ በዚያ ላይ መውረጃው በር ላይ ካርድ ይቃኛል፣ ስለዚህ ሰንበትና በዓል ላይ መርከቡ ላይ ቢውሉ ይሻላል። ሁሉም ወርዶ መርከቡ ጭር ሲል ሰገነቱ ላይ ለጸሎት የተመቸ ነው፣ ብቻቸውን ግን አትተዪያቸው፣ አንዱን ደሴት ሳታይ ብትቀሪ አይቆጭሽም።

ሰዓቱን ተጠንቀቁ። በመስከረም እስራኤል፣ ቆጵሮስ፣ ግሪክና ኢትዮጵያ አንድ ሰዓት ላይ ናቸው፣ ሰዓትሽን አትነኪውም፣ ፀሐይዋ ግን ወደ ምዕራብ በሄዳችሁ ቁጥር ትዘገያለች። ሃይፋ ላይ ወደ 1 ሰዓት ማታ ገደማ የምትጠልቀው ቀርጤስ ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ትቆያለች። የየቀኑን መጥለቂያ ከመሳፈራችሁ በፊት በወረቀት ጽፈሽ ያዢላቸው፣ ስልክ አያዩማ።

አስተስርዮ ላይ አደራ የምልሽ ጤናቸውን ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን 23 ላይ ከማታ እስከ ማታ ነፍሳችሁን አስጨንቁ ይላል፣ ውሃም የለም፣ ወደ 25 ሰዓት ይሆናል። መሬት ላይ ለለመደው ሰው ያ ቀላል ሊሆን ይችላል፣ ባህር ላይ ካስመለሳቸው ግን ሰውነት ይደርቃል። ደም ግፊት ወይ ስኳር ካለባቸው፣ መድኃኒት ከወሰዱ፣ ሐኪማቸውን አሁኑኑ ይጠይቁ፣ ነፍስ ለማዳን ጾሙ እንደሚፈታ ሕጋቸው ራሱ አጥብቆ ያዛል፣ ይሄን ከቄሳቸው አፍ ቢሰሙት ነው የሚቀበሉት፣ ካንቺ አይደለም። እሁድ ቀን ውሃ ደጋግመው ይጠጡ፣ ጨው የበዛበት አይብሉ። እራቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲቀርብ አስተናጋጁን ከዋዜማው አስጠንቅቂ፣ የሰኞ ማታ መፈሰኪያ ደሞ ካቢን ውስጥ ይቀመጥ። በዚያ ቀን የቆዳ ጫማም አይደረግም፣ የጨርቅ ወይ የላስቲክ ይያዙ፣ የመርከብ ወለል ያንሸራትታል።

ያንቺ እንቁጣጣሽ ዓርብ ስለዋለ አንቺም ጾም ነሽ፣ ይሄ እንዲያውም አጋጣሚው ያምራል፣ ማታ ላይ እነሱ ፖም በማር እየነከሩ መልካም ዓመት ሲባባሉ ማሩም ፖሙም ለጾመኛ አይከለከልምና አብረሽ ትበያለሽ። ጎጃም ገጠር ቅዳሜንም እሁድንም ሞፈር የማይነካ ገበሬ አይተሽ ያደግሽ ሰው ነሽ፣ የሰንበትን ነገር አማትሽን ማስረዳት አያሻሽም፣ እሳቸውም አንቺን። አንድ ነገር እንዳትረሺ፣ የግሪክ ወደቦች የሸንገን ቪዛ ይጠይቃሉ፣ የእስራኤሉ ቪዛ ደግሞ ደጋግሞ የሚያስገባ መሆን አለበት፣ ካልሆነ ሃይፋ ስትመለሺ ችግር ነው።

ጥያቄ፦

ጣና ላይ ጀልባ አለችኝ፣ ቱሪስት ወደ ዘጌ አመላልሳለሁ። ከእስራኤል የሚመጡ ሰዎች ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይዘውኛል፣ ምሳ ዓሣ ላድርግላቸው ብዬ ነበር፣ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦

ወንድሜ፣ ባህር ዳር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አልፋ ብዙም ሳትቆይ ትጠልቃለች፣ ስለዚህ 11 ሰዓት ሳይሞላ ሆቴላቸው አድርሳቸው፣ ሻወርም ሻማም አለባቸው። ሞተር ከተበላሸ ሌላ ጀልባ በቅርብ ይኑርህ፣ በዚያ ቀን ዘግይቶ መድረስ ለነሱ ተራ መዘግየት አይደለም። ሂሳቡን ጠዋት ተቀበል፣ ማታ ገንዘብ አይነኩም። ዓሣውን ግን ሁሉም ስለማያጠብቅ አስቀድመህ ጠይቃቸው፣ የሚያጠብቁ ከሆነ አምባዛ አይሆንም፣ ቅርፊት የለውም፣ ቆሮሶ ክንፍም ቅርፊትም ስላለው ይበላሉ። ቅርፊቱ ሳይወልቅ ሙሉውን አሳያቸው፣ ከዚያ ባንተ ብረት ድስት ሳይሆን እነሱ ፊት በፎይል ድርብ አርገህ ጠቅልለህ ፍም ላይ ጣለው፣ ቢላዋም የራሳቸውን ይዘው ከመጡ በሱ ቁረጥ።