የሳተላይት ሌዘር መማር ያዋጣኛል ወይ? ከሰበታ ለጻፈችልኝ የቅየሳ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ደብዳቤሽን በጥሞና አንብቤዋለሁ። የአራተኛ ዓመት የቅየሳ ተማሪ እንደሆንሽ፣ የመመረቂያ ጽሑፍሽንም ምድርን ከሳተላይት በሚላክ ሌዘር በመለካት ላይ ልትሠሪ እንዳሰብሽ፣ ነገር ግን በዚህ ስም የወጣ የሥራ ማስታወቂያ ባለማየትሽ ቤተሰብሽ «ይህ እንጀራ ይሆናል ወይ?» እያሉ እንደሚጠይቁሽ ገልጸሻል። ሥጋታቸው ተገቢ ነው፤ እኔም ለሌዘሩ ብለሽ ቅየሳውን ተዪ አልልሽም። የምመክርሽ ሁለቱን እንድታገናኚ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የመጠቀችው አይስሳት-2 የተባለች ሳተላይት በሴኮንድ 10,000 ያህል አረንጓዴ የሌዘር ምት ወደ ምድር ትልካለች፤ በዚያው ዓመት ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የተላከው ጌዲ የተባለ የሌዘር መሣሪያ ደግሞ በተለይ የደን ቁመት እንዲለካ የተሠራ ነው። ሁለቱም የናሳ ናቸው፣ መረጃቸውም ያለ ክፍያ ይገኛል። አሠራራቸው ቶታል ስቴሽን በተባለው የቀያሾች መሣሪያ ርቀት ከምትለኪበት ጋር ይዛመዳል፤ ብርሃኑ ደርሶ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ ወደ ርቀት ይቀየራል፣ የሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ ስሕተትም ከፍታውን በ15 ሴንቲ ሜትር ያዛባል። መረጃውን ማንም ማውረድ ስለሚችል፣ ቀጣሪ ዘንድ ዋጋ የሚኖረው መረጃው መቼ ሊታመን እንደማይገባ ማወቅሽ ነው።

ለዚህ ሰበታ አጠገብ ካሉት ከወጨጫ ተራራና ከመናገሻ ሱባ ደን የተሻለ መለማመጃ ለአንቺ አይታየኝም። የጌዲ ብርሃን መሬት ላይ ሲያርፍ 25 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ይሸፍናል። መሬቱ 30 ዲግሪ ካዘነበለ በክቡ ላይኛውና ታችኛው ጠርዝ መካከል ብቻ 14 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አለ፤ ስለዚህ ከአፈሩና ከዛፉ ጫፍ የሚመለሰው ብርሃን ይደባለቃል፣ ቁጥቋጦውም ትልቅ ጥድ ሊመስል ይችላል። ፈቃድ ጠይቀሽ ወደ ደኑ ግቢ፤ ሜዳማውንና ገደላማውን ለይተሽ የዛፎቹን ቁመት ራስሽ ለክተሽ ከጌዲ ቁጥር ጋር አነጻጽሪ። የክቡ ቦታ በ10 ሜትር ያህል ሊዛነፍ ስለሚችል በጥቂት ዛፎች ብቻ አትወሰኚ።

ይህን የሠራ ተመራቂ ደን ያከማቸውን ካርቦን በመለካትም ሆነ በካርታ ሥራ «ቀያሽ ነኝ» ብሎ ሲያመለክት የሚያሳየው ማስረጃ ይኖረዋል። ፓይተን የተባለውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መማርሽን አሁኑኑ ጀምሪ። መረጃ ስትመርጪ ሌዘሩ ወፍራም ደመና ስለማያልፍ የበጋ ወራትን አስቀድሚ፤ ጌዲ እ.ኤ.አ. ከ2023 እስከ 2024 አንድ ዓመት ያህል ሥራ አቋርጦ እንደነበርም አትርሺ። የመስክ ልኬትሽን ግን ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሳይጨቀይ ጨርሺው።