ኮከብ ጋዝን «ያቃጥላል» ይባላል?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ በሚገኝ ትምህርት ቤት ለሳይንስ ክበብ የግድግዳ ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው። ከኦሪዮን ኔቡላ (በጠፈር ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) ፎቶ ሥር «ግዙፍ ከዋክብቶች ውስጠ ኮከባዊውን ጋዝ አቃጥለው ይበትኑታል» ብለን ጻፍን። አንድ መምህር «ከዋክብቶች» አይባልም አሉን። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። «ከዋክብት» ራሱ ብዙ ቁጥር ነው፤ እንደ «ሕፃናቶች» እና «መምህራኖች» የበዛውን ደግሞ ማብዛት ይሆናል። «ኮከቦች» ብትሉም ያስኬዳል፤ ብቻ ከሁለቱ አንዱን ይዛችሁ ዝለቁ።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የቀረው ዐረፍተ ነገር ነው። «ውስጠ ኮከባዊ» ሲባል አንባቢ የሚረዳው በኮከቡ ሆድ ያለውን ጋዝ ነው። እናንተ የፈለጋችሁት ከኮከቡ ውጭ ያለውን ስለሆነ «በከዋክብት መካከል ያለው ጋዝ» በሉት። «በይነ መረብ» እንደምንለው «በይነ ከዋክብት» ማለትም ይቻላል፤ ለተማሪ ግን ረጅሙ ይሻላል።

«ግዙፍ» የሚያሳስተው የሰውነት ትልቅነትን ስለሚያስቀድም ነው። አልዴባራን የተባለው ኮከብ በስፋቱ የፀሐይን 40 እጥፍ ያልፋል፤ መጠነ ቁሱ ግን ከፀሐይ እምብዛም አይበልጥም፤ ገጹም ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ የዙሪያውን ጋዝ እንዲህ የሚያተራምስ ጨረር የለውም። ወሳኙ መጠነ ቁስ ነውና «መጠነ ቁሳቸው ከፀሐይ 8 እጥፍ በላይ የሆነ ከዋክብት» ብትሉ ጥርጣሬው ይወገዳል።

ትልቁ ስህተት «አቃጥለው» ነው። ለመቃጠል ኦክስጅን ያስፈልጋል፤ በጠፈር ያለው ሃይድሮጅን አይነድም። የሚሆነው ሌላ ነው፦ የኮከቡ አልትራቫዮሌት ጨረር የሃይድሮጅኑን አቶም ኤሌክትሮን ነጥቆ አዮን ያደርገዋል። ለዚህ እያንዳንዱ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ቢያንስ 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት መያዝ አለበት። ከ10 እስከ 20 ኬልቪን ገደማ የነበረው ደመና አዮን በሆነበት ቦታ ወደ 10,000 ኬልቪን ይጠጋል። ሲሞቅ ግፊቱ ያይላል፤ ይለጠጥና ገና ያልሞቀውን ጋዝ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስለዚህ ግሶቻችሁ «ያሞቃሉ» እና «ይገፋሉ» ይሁኑ።

«ይበትኑታል» ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ከእነዚህ ከዋክብት በሰከንድ ከ1,000 እስከ 3,000 ኪሎ ሜትር የሚወረወር ነፋስ ይወጣል (እባካችሁ «አየር» እንዳትሉት፤ ቅንጣቶች ናቸው)። ይህ ነፋስ ጋዙን እንደ መጥረጊያ ጠርጎ ዳር ላይ ይቆልለዋል። የተቆለለው ጋዝ ተጠቅጥቆ አንዳንዴ በራሱ ስበት ይሰበሰብና አዲስ ኮከብ ይወልዳል፤ በሌላ ስፍራ ደግሞ ደመናው ሳስቶ መውለዱን ያቆማል። «መበተን» የሚያሳየው ይህን ሁለተኛውን ብቻ ነው። እንዲህ ብትጽፉት ደስ ይለኛል፦

«መጠነ ቁሳቸው ከፀሐይ 8 እጥፍ በላይ የሆነ ከዋክብት በዙሪያቸው ያለውን ጋዝ በጨረራቸው ያሞቁታል፤ በነፋሳቸው ይጠርጉታል፤ ከፊሉን ዳር ላይ ይጠቀጥቁታል፤ ከፊሉን ይበትኑታል።»

ግሱ በዛ የሚል ካለ ይበል፤ ሥራውም ብዙ ነው።

ስለ ፎቶውም አንድ ነገር። ኔቡላው 1,350 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ ዋነኛ አብሪው ቴታ 1 ኦሪዮኒስ ሲ የተባለው ኮከብ ነው። ኔቡላው ቀይ ሆኖ ስለሚታይ ተማሪዎቹ እሳት መስሏቸው «ያቃጥላል» ወደሚለው መመለሳቸው አይቀርም። ከሥሩ በትንሹ ጻፉላቸው፦ ቀይነቱ ነበልባል አይደለም፤ የተነጠቀው ኤሌክትሮን ተመልሶ ከአቶሙ ጋር ሲዋሃድ ከሚወጣው ብርሃን አንዱ፣ የሞገድ ርዝመቱ 656 ናኖ ሜትር የሆነው፣ ቀይ ስለሆነ ነው።