ድረ ገጽን ማጨናነቅ ኪነ ጥበብ ሊሆን ይችላል?

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። አንድ መምህራችን የመንግሥትን ድረ ገጽ በጥያቄ ብዛት ማጨናነቅ በአንድ ወቅት እንደ ኪነ ጥበብ ሥራ ይቆጠር እንደነበር ነገሩን። ለእኔ ግን ከተራ የሳይበር ጥቃት የሚለይበት ነገር አልታየኝም። ብታብራሩልኝ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መምህርዎ ያሰቡት «ኤሌክትሮኒክ ዲስተርባንስ ቲያትር» የተሰኘው፣ ሪካርዶ ዶሚንጌዝን ጨምሮ አራት አባላት የነበሩት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1998 ያሰራጨውን «ፍለድኔት» የተባለ ፕሮግራም ሳይሆን አይቀርም። መነሻው በሜክሲኮ ቺያፓስ ግዛት የደረሰ እልቂት ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 1997 አክቴያል በምትባል መንደር ለጸሎት የተሰበሰቡ 45 ነባር ተወላጆች፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ በታጣቂዎች ተገደሉ፤ ለዚህም መንግሥት ተወቀሰ።

ፍለድኔትን የከፈተ ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩ የሜክሲኮውን ፕሬዚዳንት የዜዲዮን ድረ ገጽ በየጥቂት ሰከንዱ ደጋግሞ ይጠራል። እስከዚህ ድረስ እርስዎ እንዳሉት ተራ ማጨናነቅ ነው። ነገር ግን ፕሮግራሙ በሰርቨሩ (ድረ ገጹን በያዘው ኮምፒውተር) ላይ የሌሉ ገጾችንም ይጠይቅ ነበር። ተሳታፊው «ሰብአዊ መብት» የሚል ገጽ ሲጠይቅ፣ ሰርቨሩ እንደ ማንኛውም ሰርቨር «ሰብአዊ መብት በዚህ ሰርቨር ላይ አልተገኘም» ብሎ ይመልሳል፤ ጥያቄውም በስሕተት መዝገቡ ላይ ይሰፍራል። የአክቴያል ሟቾች ስምም በዚሁ መንገድ ስለተጠየቀ፣ የተወቀሰው መንግሥት የገዛ ማሽኑ የሟቾቹን ስም መዝግቦ «አልተገኘም» ሲል መሰከረ። ያንን መዝገብ ከሲስተም አስተዳዳሪው በቀር የሚያነብ እምብዛም አለመኖሩ ያስቃል፤ እኔ ግን ከማጨናነቁ ይልቅ ጥበቡን የማየው እዚያ ላይ ነው።

ሌላው ልዩነት ግልጽነቱ ነው። ዛሬ አንድ ሰው ተደብቆ በሺዎች የሚቆጠሩ የሰው ኮምፒውተሮችን ጠልፎ ጥቃት ይሰነዝራል። የቡድኑ አባላት ግን በስማቸው ይንቀሳቀሱ፣ ቀኑንም አስቀድመው ያስታውቁ ነበር፤ ጫናው የሚበረታውም በፈቃዱ የሚሳተፈው ሰው ሲበዛ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1998 ፔንታጎንን (የአሜሪካን መከላከያ ሚኒስቴር) ዒላማ ባደረጉ ጊዜ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ የተሳታፊዎቹን የኢንተርኔት አሳሽ (ብራውዘር) የሚያደርቅ ፕሮግራም መልሶ ላከባቸው። እንዲህ አድርጎ ራሱን የቲያትሩ ተዋናይ አደረገ።

ተቃውሞው የመጣው ከመንግሥታት ብቻ አልነበረም። «ሃክቲቪዝም» (ለፖለቲካ ዓላማ የሚደረግ ሃኪንግ) የሚለው ቃል የወጣበት «ካልት ኦቭ ዘ ዴድ ካው» የተባለው የሃከሮች ቡድን አባላት፣ የማንንም ድረ ገጽ መዝጋት የመናገር ነፃነትን መዝጋት ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ክርክሩ ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል፤ የተጨናነቀውን ገጽ ለጉዳዩ የሚፈልገው ዜጋም ይኖራልና።

በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የኮምፒውተር ሥርዓትን አሠራር ማደናቀፍን እንደሚቀጣ ልብ ይበሉ። የስሕተት መዝገቡን ነገር በዓይንዎ ለማየት ከፈለጉ፣ በራስዎ ላፕቶፕ ላይ ሰርቨር አስነሥተው የሌለ ገጽ መጠየቅ ይበቃዎታል።