ስለ ሱማትራና ጃቫ የመሬት መንቀጥቀጥ፦ ጋሽ ደለልን ጠይቁ

ደለል፦ ዛሬ ስለ ሱንዳ ቅስት ነው የማወራው፤ ከሱማትራ ተነስቶ በጃቫና በባሊ በኩል ስለሚያልፈው የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ሰንሰለት። ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። “መቼ ይመታል?” የሚለኝን አልመልስም፤ ከአሁኑ ተናግሬያለሁ።

ጽጌ፦ ጋሼ፣ ወንድሜ ለሥራ ሁለት ዓመት ሱማትራ፣ ፓዳንግ ከተማ ሊቀመጥ ነው። ያሰጋዋል?

ደለል፦ ያሰጋዋል እህቴ፣ አልዋሽሽም። ከፓዳንግ ፊት ለፊት የባሕሩ ወለል በዓመት አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል እየተንሸራተተ ከሱማትራ ሥር ይገባል። መንሸራተቱ ግን እንደ ቅባት አይደለም፤ ሁለቱ ሰሌዳዎች፣ ማለት የምድርን ቅርፊት የሠሩት ግዙፍ የአለት ቁርጥራጮች፣ ተናክሰው ይቆያሉ። የታችኛው የላይኛውን ጠርዝ ይዞት ስለሚወርድ ከፓዳንግ ማዶ ያሉት የሜንታዋይ ደሴቶች ቀስ እያሉ ይሰምጣሉ፤ የተናከሰው ሲላቀቅ ደግሞ ብድግ ይላሉ።

ይህን ሁሉ መዝግቦ ያስቀመጠው ኮራል ነው፤ ባሕር ውስጥ ድንጋይ እየሠራ የሚያድግ እንስሳ። እዚህ ላይ ካላስቆማችሁኝ አላቆምም! ኮራል ውኃው ዝቅ ሲል ከሚደርስበት ወለል በላይ ማደግ አይችልም። ደሴቷ ስትሰምጥ ሽቅብ ያድጋል፤ ብድግ ስትል ከውኃ የወጣው አናቱ ይሞታል። እንደ ዛፍ ግንድ ዓመታዊ ቀለበትም አለው። ኬሪ ሲ የተባለው የጂኦሎጂ ሊቅና ባልደረቦቹ ኮራሉን በመጋዝ ቆርጠው የ1797ንና የ1833ን ታላላቅ መንቀጥቀጦች ከውስጡ አነበቡ። በ2007 የደረሰው መጠኑ 8.4 የሆነ መንቀጥቀጥ ከተጠራቀመው የለቀቀው ከፊሉን ብቻ ነው። በ2009 በፓዳንግና በአካባቢዋ ከ1,100 ሰው በላይ የገደለው ደግሞ ጠልቆ በገባው ሰሌዳ ሆድ ውስጥ የተሰነጠቀ እንጂ የተናከሰው ቦታ አልነበረም። ስለዚህ ዕዳው አልተከፈለም።

ወንድምሽ ባሕር ዳር ሆኖ መሬቱ ከ20 ሰከንድ በላይ ካወዛወዘው፣ ሱናሚ (መንቀጥቀጡ የሚያስነሣው የባሕር ማዕበል) ሊከተል ይችላልና የማስጠንቀቂያ ሳይረን ሳይጠብቅ በእግሩ ወደ ከፍታ ይሂድ።

ቢኒ፦ ትልቁ ስንት ሬክተር ስኬል ይደርሳል?

ደለል፦ ሬክተርን ተወው፤ ለግዙፎቹ አይሠራም። ሞመንት ማግኒቲዩድ ነው የሚባለው። አንድ ቁጥር ሲጨምር ጉልበቱ 32 እጥፍ ገደማ ያድጋል። የ2004ቱ የሱማትራ መንቀጥቀጥ 9.1 ነበር። ቀጥሎ።

መምህሩ፦ ተማሪዎቼን “አለቱ የሚቀልጠው ሰሌዳዎቹ ሲፋተጉ በሚፈጠረው ሙቀት ነው” እያልኩ አስተምራለሁ። ልክ ነኝ?

ደለል፦ አይደሉም መምህር፤ አይከፉብኝ፣ እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያው ነበር የተነገረኝ። የሚገባው ሰሌዳ ቀዝቃዛ ነው። ነገር ግን በማዕድኖቹ ውስጥ ውኃ ተሸክሟል። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጠልቅ ውኃው ተጨምቆ ይወጣና ከላይ ወዳለው ትኩስ አለት ይገባል። ውኃ የገባበት አለት ዝቅ ባለ ሙቀት ይቀልጣል። እሳተ ገሞራዎቹ ሰሌዳው መጥለቅ ከሚጀምርበት የባሕር ቦይ ርቀው በአንድ መስመር የተሰለፉት ለዚህ ነው። ቅልጡ ወፍራምና በጋዝ የታመቀ ስለሆነም ይፈነዳል፤ ታምቦራ በ1815፣ ክራካታው በ1883።

የአዋሹ፦ የእኛስ ፈንታሌ? እሱም ያው ነው አይደል?

ደለል፦ አይደለም። ያንተው ሰሌዳዎች እየተራራቁ የሚሄዱበት ነው፣ ይኼ አንዱ ከአንዱ ሥር የሚገባበት። ሌላ ቀን።

ቢኒ፦ የአዲስ አበባ ፎቆች ግን በዚያ ሰሞን ሲወዛወዙ…

ጽጌ፦ ኧረ ቢኒ፣ ሌላ ቀን አሉ እኮ!

ሰናይ፦ ጥቅምት 25 ቀን 2010 ሜንታዋይ ተንቀጠቀጠ፤ በማግስቱ የጃቫው እሳተ ገሞራ ሜራፒ ፈነዳ። አንዱ ሌላውን ቀሰቀሰው ማለት ነው።

ቢኒ፦ ግልጽ ነው እኮ! አንድ ቀን ነው ልዩነቱ።

መምህሩ፦ ተከታትሎ መምጣት ምክንያት አይሆንም፣ ልጆች።

ሰናይ፦ ታዲያ ግጥምጥሞሽ ነው ሊሉኝ ነው?

ደለል፦ ቀኑን እንጂ ሰዓቱን አላያችሁም። ሜራፒ ከመስከረም ጀምሮ ሲያብጥ ነበር። የማስጠንቀቂያው ደረጃ የመጨረሻው ላይ የወጣው በዚያው ዕለት ጠዋት ነው፤ ሜንታዋይ የተናወጠው ግን ማታ። አበቃ።

ከዚያ ይልቅ ስለ ሜንታዋዩ ራሱ ብትጠይቁኝ ምን ነበረበት? 7.8 ሆኖ ሳለ ስብራቱ ዘገምተኛ ስለነበር መሬቱ የተወዛወዘው ለስለስ ብሎ ነው። ብዙ ሰው “ቀላል ነው” ብሎ ቤቱ ቀረ። ማዕበሉ ከ400 ሰው በላይ ወሰደ። ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፦ ጥንካሬውን አትመልከቱ፣ ርዝመቱን ቁጠሩ። ከ20 ሰከንድ ካለፈ ሽሹ።

ማቲ፦ ሰላም፣ አሁን ነው የገባሁት። ቀጣዩ ሱናሚ መቼ ነው የሚመጣው?

ደለል፦ ከላይ አንብብ።

ማቲ፦ በግምትም ቢሆን…

ደለል፦ ማቲ! ከላይ አንብብ።

ሰናይ፦ ሳይረን የሌለበት ደሴትስ ሕዝቡ በምን ያውቃል?

ደለል፦ ይኼ ጥያቄ ነው። ሲሙሉ የምትባል ደሴት አለች፣ የ2004ቱ መንቀጥቀጥ ከተነሣበት አጠገብ። በ1907 ማዕበል ጨርሷቸው ስለነበር አያቶች ለልጅ ልጆች “ስሞንግ” የሚል ቃል አወረሱ፦ መሬት አጥብቆ ከተናወጠና ባሕሩ ከሸሸ ወደ ኮረብታ ሩጥ። በ2004 ከ78,000 ያህል ነዋሪ የሞተው ሰባት ሰው ነው። ያው ማዕበል ውቅያኖሱን አቋርጦ ሶማሊያ ዳርቻ ሲደርስ ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ገደለ። እዚያ እግራቸው ሥር የተወዛወዘ መሬት አልነበረማ፤ ምን ይቁጠሩ?

ጽጌ፦ ጋሼ፣ አሁን ደወልኩለት። ቤቱ ለባሕሩ ቅርብ ነው፣ ነፋሻ ነው እያለ ደስ ብሎታል።

ደለል፦ ነፋሱን ይተወውና ቅርቡ ኮረብታ ወይም ጠንካራ ፎቅ የት እንደሆነ ይጠይቅ። አንድ ቀን ሰዓት ይዞ በእግሩ ይሂድበት። ፓዳንግ ላይ ማዕበሉ ግማሽ ሰዓት እንኳ ላይሰጠው ይችላል። ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት ንገሪኝ።